የአማት አንገት

ኦልዌኒ ሰው ሲተዋወቅ መጀመሪያ የሚያየው ፊት ሳይሆን አንገት ነው። ገበያም ይሁን ቤተ ክርስቲያን፣ ለቅሶ ቤትም ይሁን ሠርግ፣ ዓይኑ ሳያስበው ከአገጭ በታች ይወርዳል። በተጋቡ ሰሞን ሚስቱ አፖንዲ፣ "ይሄ ሰውዬ ሐብሌን ሊሰርቀኝ ነው እንዴ እንዲህ የሚያየው?" ብላ ለእህቶቿ አውርታ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሐይቁ ዳር ሆስፒታል ራጅ ሲያነሳ የኖረ ሰው ግን ሌላ ምን ይይ?

ሌላ ከተማ በራጅ ክፍል ደጃፍ የሚሰለፈው የተሰበረ እግርና የሚያስል ደረት ነው። እዚህ፣ የቪክቶሪያ ሐይቅ ጥግ ላይ፣ ሰኞ ጠዋት አንገቱን በመዳፉ ደግፎ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። እሑድ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ዓሣው መሐል ይቀመጣል፤ ሲበላ ይወራል፣ ሲወራ ይሳቃል፣ ሲሳቅ አጥንቱ ይሰነቀራል። ያን ጊዜ አንድ ጉርሻ ኡጋሊ፣ የበቆሎ ገንፎ፣ ተድቦልቡሎ ሳይታኘክ ይዋጣል። ያ ካልሠራ ከፍ ያለ ድብልብል ይዋጣል። ያም ካልሠራ ወደ ኦልዌኒ ይመጣል።

ከሚመጡት የብዙዎቹ ጉሮሮ ውስጥ ምንም የለም። አጥንቱ ጭሮ አልፏል፤ የቀረው ቁስሉ ነው። ችግሩ፣ ለሚያመው ሰው ቁስልና አጥንት አንድ ናቸው። ይባስ ብሎ የሰው ማንቁርት ራሱ አሳሳች ነው። ልጅ ሲወለድ ማንቁርቱ እንደ ጆሮ ጫፍ ለስላሳ ስለሆነ ራጅ ላይ ጎልቶ አይታይም። ዕድሜ ሲገፋ እዚህም እዚያም እየጠነከረ አጥንት ይሆናል፤ ይነጣል። የሚነጣውም እንደ ፈቃዱ ነው። ባንዱ ሰው ጠርዙ፣ በሌላው ወደ ላይ የቆመው ቀንዱ፣ በሌላው ደግሞ እስከ ሰባ ዓመቱ ምንም። ከደጋ የሚመጡ አዳዲስ ሐኪሞች ያቺን ነጭ ጭረት ሲያዩ "አጥንት!" ብለው ይነሳሉ። ስለዚህ ኦልዌኒ የጤነኛ አንገቶችን ፎቶ የሰዎቹን ስም እየቆረጠ ግድግዳው ላይ ለጥፏል፤ ከስድስት ዓመት ልጅ እስከ ሰማንያ ዓመት ሽማግሌ። ሐኪሙን ክንዱን ይዞ ወደ ግድግዳው ይወስደዋል።

"ይሄ ጤነኛ ነው" ይላል። "ይሄም ጤነኛ ነው። ይህቺኛዋን ደግሞ ይመልከቱ፣ ቀንዷ እንዴት እንደነጣ! ጤነኛ ናት። እግዜር ይጠብቃትና ዛሬም ዓሣ ትበላለች።"

ይህን ሁሉ አንገት ሲያይ የኖረው ኦልዌኒ አንድም ቀን ቀና ብሎ ያላየው የአማቱን አንገት ነው።

አማቱ ማማ ሳቢና የዓሣ ነጋዴ ሴቶቹ አለቃ ናቸው። ዓሣ ሲገዙ፣ ሲገነጥሉና ሲያጨሱ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። የሐይቁ ዳር የሉዎ ሕዝብ ደግሞ አማቱን ያከብራል፤ ማክበር ማለት መራቅ ነው። ኦልዌኒ መንገድ ላይ ሲመጡ ካያቸው ወደ በቆሎው ገባ ብሎ ያሳልፋቸዋል። አይጨብጣቸውም። ፊታቸው አይበላም፤ እሳቸውም እሱ ባለበት አይጎርሱም። ነገር ካላቸው በአፖንዲ በኩል ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ትዳር ውስጥ የሚያውቀው ተረከዛቸውን፣ የሻሻቸውን ጫፍና እየተቻኮለ የሚሄድ ጀርባቸውን ነው። ድምፃቸውንማ የወደቡ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ጀልባው ገና ሳይጠጋ "ያ ትልቁ የኔ ነው!" ሲሉ ከዓሣ ሚዛኑ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ይሰማል ይባላል። ይባላል እንጂ ኦልዌኒ አልሰማውም። እሱ ብቅ ሲል ድምፃቸውን ይውጡታል፤ እሱ ጋ የሚደርሰው ሹክሹክታው ብቻ ነው።

በዝናቡ መግቢያ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አፖንዲ የራጅ ክፍሉን በር ገፋ አድርጋ አንገቷን አስገባች።

"የአኬሎ አባት፣" አለች። አኬሎ የበኩር ልጃቸው ናት። "እማዬን ይዣት መጥቻለሁ።"

"ምን ሆኑ?"

"አጥንት።"

ኦልዌኒ ብድግ አለ፣ መልሶ ተቀመጠ፣ እንደገና ብድግ አለ። "መቼ ነው?"

"እሑድ ምሳ ላይ።"

"እሑድ! ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው!"

"ደብቃን ነዋ! 'አርባ ዓመት ዓሣ ስገነጥል ኖሬ በቆሮሶ አጥንት ታነቅሁ ብዬ ለነዚያ ሴቶች መሳቂያ ልሁን?' ትላለች። ሁለት ቀን ሙሉ ኡጋሊ ስትውጥ ከረመች። ዛሬ ወደብ ላይ ድምጿ ሲጠፋ ሴቶቹ ላኩብኝ። 'ማማ ሳቢና ዝም ብላለች፤ ወይ ሰማይ ሊወድቅ ነው፣ ወይ ታማለች' ብለው።"

"እሺ… እኔ ግን…" ኦልዌኒ ዙሪያውን ተመለከተ። አብራው የምትሠራው ሴት ወልዳ ቤቷ ናት። ሌላ ራጅ የሚያነሳ ሰው በሆስፒታሉ የለም።

"አንተ ነህ ያለኸው" አለች አፖንዲ። "ማሽኑ እንደሆነ የማንም አማች አይደለም። እሱ ያንሳት፤ አንተ ቁልፉን ተጫን።"

እንዲሁ ሆነ። ሻሽና ሐብል መውለቅ ስላለበት ኦልዌኒ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆመ። ማማ ሳቢና ባዶ ራሳቸውን በአማቻቸው ፊት! አፖንዲ እናቷን ከራጁ ሰሌዳ አጠገብ በጎን አቆመቻቸውና ኦልዌኒ ከጨረር መከላከያው መስታወት ጀርባ፣ እንዳቀረቀረ፣ ማዘዝ ጀመረ።

"አገጫቸውን ትንሽ ወደ ላይ።"

"ወጥቷል።"

"ትከሻቸውን ወደ ታች።"

"ወርዷል።"

"ቀጥ ብለዋል?"

"እንደ ምሰሶ!"

አልነበሩም። ማማ ሳቢና እሱ ካለበት ወገን ለመሸሽ ፊታቸውን ሁለት ጣት ያህል ዞር አድርገዋል። አፖንዲ ይህን የምታይበት ዓይን የላትም፤ ኦልዌኒ ዓይኑ አለው፣ ቀና ብሎ ግን አላየም። ሌላም ነገር አስቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን፣ "ኢ… ብለው ይያዙልኝ" ይለው ነበር። ሰው "ኢ" ሲል ማንቁርቱ ከፍ ይላል፤ ከኋላው ያለው መንገድ በአየር ይከፈታል፤ ሁሉም በየቦታው ተለይቶ ይታያል። አማቱን ግን በምን አፉ 'ድምፅዎን ያሰሙኝ' ይበላቸው? ቁልፉን ተጫነ።

ዶክተር ቼሮቲች ከደጋ ከመጣች ስምንት ወሯ ነው። በወተትና በበቆሎ ያደገች፣ ሰው ዓሣ ሲበላ ስታይ የራሷ ጉሮሮ የሚያሳክካት ሴት ናት። "እናንተ የሐይቅ ሰዎች ቢላ ነው የምትውጡት" ትላለች። ምስሉን ስታይ ከወንበሯ ተነሳች። ከአየር ቧንቧው በስተኋላ፣ ከአከርካሪው በስተፊት፣ አንዲት ቀጭን ነጭ ጭረት ለብቻዋ ቆማለች፤ ከምንም ጋር አልተያያዘችም።

"ይህቺው! እዚህ ቆመን የምንጠብቅበት ጊዜ የለንም" አለች። "ሁለት ቀን አልፏታል። አጥንቱ የምግቡን መንገድ ከቀደደ መግሉ ወደ ደረት ነው የሚወርደው፤ ያን ጊዜ ማንም አያድናትም። ስምንት ሰዓት ላይ አምቡላንሱ ይመለሳል፤ ኪሱሙ፣ ትልቁ ሆስፒታል ትሄዳለች። አስተኝተው በመሣሪያ ያወጡታል፤ አልወጣ ካለም አንገቷን ይከፍታሉ።"

አፖንዲ ይህን ለእናቷ ስትነግር ኦልዌኒ ኮሪደሩ ላይ ነበር። ከክፍሉ ውስጥ ሹክሹክታው ይሰማዋል፤ ይህ ግን የአክብሮት ሹክሹክታ አልነበረም፤ አንገት የሚያመው ሰው ሹክሹክታ ነው።

"የጎረቤታችን እንቅርት ሲወጣ ድምጿም አብሮ ወጣ። እስከ ዛሬ እንደ ድመት ነው የምታወራው። እኔ ያለ ድምፅ ወደብ ላይ ምን ልሠራ ነው? በጣቴ እየጠቆምኩ ልገዛ?"

"እማዬ፣ አትሟረቺ።"

"ስሚኝ። የደረቀውን ዓሣ ዝናብ እንዳይነካው ዛሬውኑ አስገቢው። ማጨሻውን ብመለስም ባልመለስም አብራኝ የምትነግደው አውሪኖ ትሥራበት፤ ልጆች አሏት። ሰማያዊውን ጨርቄን አንቺ ውሰጂው።"

ኦልዌኒ ተመልሶ ክፍሉ ገባና በሩን ዘጋ። ምስሉን ከፍቶ አሳደገው። መጀመሪያ ያየው ጭረቷን አልነበረም፤ መንጋጋውን ነው። ሰው ቀጥ ብሎ በጎን ከቆመ የግራና የቀኙ መንጋጋ ተደራርቦ አንድ ይሆናል። ይህ ግን ሁለት ነው፤ አንዱ ከሌላው ፊት ወጥቷል። አንገቱ ዞሯል ማለት ነው። ማንቁርት ደግሞ ወደ ላይ የቆሙ ሁለት ቀንዶች አሉት፣ አንድ በግራ፣ አንድ በቀኝ። አንገት ሲዞር ቀንዶቹ ይለያያሉ፤ አንደኛው ወደ ኋላ ይሄድና ለብቻው የቆመ ይመስላል። ልክ እንደ አጥንት።

ወይም ደግሞ እውነተኛ አጥንት ነው። ከዚህ ጠማማ ምስል ማንም ሊያውቅ አይችልም። አጥንት አይደለም ብሎ ቢያስቀራቸውና ቢሆንስ? ዝም ቢልና ለገዛ ቀንዳቸው አንገታቸው ቢከፈትስ? የመንግሥት ሥራ፣ የገዛ ሚስቱ እናት፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ግድግዳው ላይ የሰበከው ስብከት፣ ሁሉም በዚያች ሁለት ጣት ላይ ተንጠለጠለ።

ሰዓቱ ስድስት ተኩል ነበር። ዶክተሯን ምሳ ላይ አገኛት፤ ዳቦና ሻይ ይዛ።

"ዶክተር፣ ፎቶው ጠማማ ነው። ያጣመምኩት እኔ ነኝ።"

"እንዴት?"

"አላስተካከልኳቸውም። አልነካኋቸውም። ቀና ብዬም አላየሁ።"

"ምዜ ኦልዌኒ!" ዳቦውን አስቀመጠችው። 'ምዜ' ማለት ሽማግሌ ነው፤ ሌላ ቀን ስትለው ለቀልድ ነው፣ ዛሬ ግን ቀልድ አልነበረበትም። "እኔን በመጣሁ በሳምንቴ እዚያ ግድግዳ ሥር አቁመው 'አንገት ካልተቃና ፎቶ አይባልም' ያሉኝ እርስዎ አይደሉም? ለምን አልነኳትም?"

"አማቴ ናቸው።"

"እና?"

"አማቴ ናቸው" አለ እንደገና፤ ሌላ ማስረጃ አልነበረውም።

"የኔ ባል እናቴን አቅፎ ነው የሚስማት!"

"እናንተ ወተት ጠጪዎች ናችሁ፤ ምን ታውቃላችሁ" አለ ኦልዌኒ። ሊስቅ ፈልጎ ሳይሆን አፉ ስለለመደው ነው።

ቼሮቲች ሳታስበው ፈገግ አለች፤ ወዲያው መልሳ ዋጠችው። "አንድ ጊዜ ብቻ እፈቅዳለሁ። ሦስተኛ ፎቶ የለም። ጭረቷ ከቦታዋ ካልሄደች መኪናው ውስጥ ትገባለች፤ እርስዎም ከኋላ ተቀምጠው ይሸኟታል።"

ፈቃዱን ከእናቷ መጠየቅ የአፖንዲ ሥራ ሆነ። ኦልዌኒ ከዋርዱ በር ወዲህ ቆሞ ጠበቀ። አንዲት ነርስ አለፈች፣ ሁለት በሽተኞች አለፉ፣ ወጥ የያዘ ጋሪ አለፈ። አፖንዲ ስትመጣ ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም።

"ምን አሉ?"

"'እጁን ታጥቦ ይምጣ' አለች።"

"እሺ…"

"ደግሞም 'አንገቴን ይይ፤ ፊቴን ግን አይይ' ብላለች።"

ኦልዌኒ እጁን ታጠበ። ውሃው ቀዝቃዛ ስለነበር ደጋግሞ በሱሪው ላይ አሻሸው፣ ተነፈሰበት፣ እንደገና አሻሸው። ሌላውን በሽተኛ በቀዘቀዘ እጅ ነክቶ ያውቃል፤ እሳቸውን ግን እንዲያ ሊነካ አልፈለገም።

ማማ ሳቢና ሰሌዳው አጠገብ ቆመዋል። ራሳቸው ላይ ሻሽ የለም፤ ጸጉራቸው አጭርና ነጭ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ኦልዌኒ ፊታቸውን አላየም፤ እንደተባለው አንገታቸውን ብቻ አየ። ጢስና ፀሐይ የሠራው፣ ሐብሉ የነበረበት ቦታ ነጣ ያለ መስመር የቀረበት፣ ደም ሥሩ ቶሎ ቶሎ የሚመታ አንገት ነበር። ይፈራሉ፤ እንደሱው።

"ንገሪያቸው፣" አለ ለአፖንዲ፣ "አሁን አገጫቸውን ልይዝ ነው።"

"እማዬ፣ አገጭሽን ሊይዝ ነው።"

ሁለት ጣቱን ከአገጫቸው ሥር አደረገና ቀስ ብሎ ወደ ፊት ሳበው። ሌላውን እጁን ከራሳቸው ጀርባ አድርጎ ያችን ሁለት ጣት ያህል መለሳት። ለመመለስ አልከበደችም፤ ይህ ነው ያሳዘነው።

"ንገሪው" አሉ ማማ ሳቢና ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ "እጁ ይሞቃል።"

"እጅህ ይሞቃል አለች።"

"ሰማሁ።"

"ታዲያ ከሰማህ እኔ ምን ልሥራ? የስልክ ምሰሶ ነኝ?"

ትከሻ እንዲወርድ በሽተኛው በየእጁ አሸዋ የተሞላ ጀሪካን ይይዛል። ኦልዌኒ ትንንሾቹን አቀረበ። ማማ ሳቢና ጨበጥ አድርገው መዘኑት።

"ይሄማ የሕፃን ነው። ንገሪው፣ የደህናውን ያምጣ። እኔ ዓሣ የሞላ ሳፋ ስሸከም የኖርኩ ሴት ነኝ።"

ትልልቆቹን አመጣላቸው። ትከሻቸው እስከ ታች ወረደና አንገታቸው ረጅም፣ ቀጥ ያለ ሆነ። ኦልዌኒ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሶ አየ። ከግራ አየ፣ ከቀኝ አየ። እንዲህ አድርጎ ያየው አንገት ስንት ነው? አንዱንም ይህን ያህል አላየውም።

ከዚያ እሱና አፖንዲ ከመስታወቱ ጀርባ ሄዱ። ማማ ሳቢና ብቻቸውን ቀሩ።

"አሁን 'ኢ' ብለው መያዝ አለባቸው" አለ። "ረዘም አድርገው። ያለዚያ ይህም እንደ መጀመሪያው ነው።"

"እማዬ! 'ኢ' በይ! ረዘም አድርጊው!"

ማማ ሳቢና ትንፋሽ የሚመስል ነገር አወጡ። ትንኝ እንኳ አትደነግጥም።

"አይበቃም" አለ ኦልዌኒ።

"እማዬ፣ ጮክ በይ!"

"ያማል" አሉ ማማ ሳቢና። ቀጥለውም፣ በቀስታ፣ "ደሞ እሱ አለ።"

አፖንዲ ወደ ባሏ ዞረች። እጇን ዘረጋች። ከውጭ የመኪና ድምፅ ተሰማ፤ አምቡላንሱ ይሁን አይሁን አልታወቀም።

ያን ጊዜ ኦልዌኒ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ። በአፖንዲ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ተናገረ።

"ማሮ፣" አለ፤ ሉዎ አማቱን እንዲህ ነው የሚጠራው። "ጀልባ ሲመጣ እንደሚሉት ይበሉ። እኔ አልሰማም። ይኸው ጆሮዬን ደፍኛለሁ።"

ማማ ሳቢና ዓይናቸውን ገለጡ። አንገታቸው እንዳይዞር እየተጠነቀቁ በዓይናቸው ጥግ ወደ መስታወቱ አዩ። አማቻቸው በግራ እጁ ግራ ጆሮውን ደፍኗል። ቀኝ እጁ ግን ቁልፉ ላይ ነበር፤ ቀኝ ጆሮው ባዶውን ቀርቷል።

ሆዳቸው ሲንቀጠቀጥ ታየ። እየሳቁ ነበር። ሳቁን ውጠው፣ ደረታቸውን ሞልተው፣ ቁስሉን ረግጠው አወጡት።

"ኢ———!"

መጀመሪያ ሻካራ ነበር፤ ቀጥሎ ጠራ። መስታወቱን አልፎ፣ በሩን አልፎ ሄደ፤ ኮሪደር ላይ ሰው ንግግሩን አቆመ። ወፍራም፣ ሰፊ፣ ከታች በኩል ትንሽ የሚጎረብጥ ድምፅ ነው። ኦልዌኒ ቁልፉን ተጫነና ከተጫነ በኋላም ጣቱን ማንሳት ረሳ።

"በቃ በላት እንጂ!" አለች አፖንዲ። "ትንፋሿ ሊያልቅ ነው!"

ምስሉ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ኦልዌኒ መጀመሪያ መንጋጋውን አየ። አንድ ነው። ከዚያ ቀስ እያለ ወረደ፤ መንገዱን ያውቀዋል። የምላሱ ሥር። ከሥሩ እንደ ፈረስ ጫማ የታጠፈችው ትንሽ አጥንት። ምግብ ሲያልፍ የአየሩን በር የሚዘጋው ክዳን፣ እንደ ቅጠል ቀጭንና ቀጥ ያለ። ከአከርካሪው ፊት ያለው ሥጋ ቀጭን ነው፤ አላበጠም፣ ቦታው ያልሆነ አየር አልገባበትም። ከዚያ ማንቁርቱ፤ መሐሉ ላይ ድምፅ የሚወጣባት ጥቁር ስንጥቅ፣ ከጥፍር አትበልጥም። ያ ሁሉ ድምፅ ከዚህች? ቀንዶቹስ? ሁለቱ ቀንዶች ተደራርበው አንድ ሆነዋል፤ ከማንቁርቱ ጋር እንደ ሰንሰለት ተያይዘው ከፍ ብለዋል። ለብቻዋ የቆመች ጭረት የለችም።

ዶክተር ቼሮቲች መጥታ ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አየች። ወደ ግድግዳው ሄደች፣ ቀንዷ የነጣውን ሴት አየች፣ ተመለሰች።

"ቀንድ ነው" አለች።

"ቀንድ ነው።"

"ምኑ ነው ቀንድ?" የሚል ሹክሹክታ ከበሩ መጣ። ማማ ሳቢና ሻሻቸውን አስረው፣ ፊታቸውን በጫፉ ሸፍነው ቆመዋል። "አፖንዲ፣ ጠይቂልኝ፤ የኔን ጉሮሮ እኔ ብቻ ነኝ የማላየው?"

ኦልዌኒ ወንበሩን ለቅቆ ጥግ ያዘ። ዶክተሯ ማማ ሳቢናን አስቀመጠችና መጀመሪያ ጠማማውን ምስል አሳየቻቸው። ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት።

"ይህቺን ነው አጥንት ያላችኋት?"

"አዎ፣ ማማ።"

"የየትኛው ዓሣ?"

ቼሮቲች ወደ ምስሉ ተጠጋች።

"ልጄ፣ የቆሮሶ የጎን አጥንት እንደ አዲስ ጨረቃ ይጎብጣል፤ ጫፉም ሹል ነው። የትልቁ ዓሣ፣ የምቡታ፣ ደግሞ ወፍራምና ድፍን ነው። ይህን እይው። ዙሪያው ነጭ፣ መሐሉ ጠቆር ያለ፣ ባዶ። መቅኔ ያለው አጥንት ነው። ይህን የመሰለ ይህ ሐይቅ አላበቀለም፤ የበግ ነው። እኔ ደግሞ እሑድ በግ አልበላሁ።" ወደ ኋላቸው ሳይዞሩ፣ "አፖንዲ፣ ለባልሽ ንገሪው፤ ከመጀመሪያው ቢያሳየኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ሩጫ አያስፈልግም ነበር።"

"ሰምቷል፣ እማዬ።"

"መስማቱን አውቃለሁ! በአንዱ ጆሮው አይደል?"

ዶክተሯ ሳቋ እስኪያበቃ ጠበቀችና ቁምነገሩን ተናገረች። ፎቶ ሁሉንም አጥንት አያሳይም፤ ስለዚህ በመስታወትና በመብራት ታያለች። አየች። በቀኝ በኩል፣ ልክ በሚያማቸው ቦታ፣ ቀይ ጭረት ብቻ ነበር። መኪናው ያለ እሳቸው ሄደ፤ እሳቸው ግን ዋርዱ ውስጥ እንዲያድሩ ተደረገ። ትኩሳት ከመጣ ወይም መዋጥ ካቃታቸው ነገሩ እንደገና ይታያል። ኦልዌኒ አጥንት የለም ብሎ ልቡ አልረጋም። ዓይኑ የነገረውን ያምናል፤ ግን ዓይኑ በዚያው ቀን ጠዋት ወለሉን ሲያይ ነበር የዋለው።

ትኩሳት አልመጣም። ጠዋት ውሃ ዋጡ፣ ከዚያ ገንፎ። ምሳ ሰዓት ላይ ዶክተሯ እውነተኛውን ፈተና አዘዘች፤ ኡጋሊና የተቀቀለ ዓሣ፣ አጥንቱ የተለቀመ። ይህ ያለ ሕመም ከወረደ ወደ ቤት ይሄዳሉ።

ኦልዌኒ የሳህኑን መምጣት አይቶ እስከ አልጋው ሊከተል ሲል አፖንዲ በሩ ላይ አገደችው።

"አንተ አትገባም።"

"ለምን? መዋጣቸውን ማየት አለብኝ እኮ።"

"'አንገቴን ነክቷል፤ እግዜር ይስጠው' አለች። 'ስበላ ግን አያየኝም። ያ ሌላ ነገር ነው' ብላለች።"

ስለዚህ ኮሪደር ላይ ቀረ። ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ከወዲያ በኩል ሳህን ተቀመጠ። አፖንዲ "ዋጥሽው?" ስትል ተሰማ። አንድ ሰው ሳለ፤ ኦልዌኒ ትንፋሹን ያዘ፤ ሳሉ ግን ከሌላ አልጋ ነበር። አሁን ወርዷል፣ አሁን ከክዳኑ አልፏል፣ አሁን ከቀንዶቹ ጀርባ ነው፣ እያለ መንገዱን በሐሳቡ ተከተለው።

"ማነው?" የሚል ድምፅ ግድግዳውን አልፎ መጣ። ሹክሹክታ አይደለም። ሙሉ፣ ሰፊ፣ ከታች ትንሽ የሚጎረብጥ። "እንዲህ ያለ ዓሣ የቀቀለው ማነው? ጨው የሚባል በደጁም አላለፈ! ደሞ ትናንት የተያዘ ነው ብላችሁ ልታታልሉኝ ነው? ይሄ ሦስት ቀኑ ነው! እኔን! ማማ ሳቢናን!"

ዋርዱ በሳቅ ተሞላ። ኩሽና ቤቱን የሚጠራ ሰው ተነሳ። ራጅ ክፍሉ ደጃፍ ሁለት ሰዎች ቆመው ይጠብቁታል፤ አንዷ አንገቷን በመዳፏ ይዛለች። "መጣሁ" ብሎ በእጁ ምልክት ሰጣት፤ ሆኖም ከግድግዳው አልተነቃነቀም። ማማ ሳቢና ከጨው ወደ እሳቱ፣ ከእሳቱ ወደ ድስቱ ተሻግረው ነበር፤ ገና ብዙ የሚሉት አላቸው።